ለባሕር ላሟ ያጎረስኩት

አምሳለ ድንጋይ ተሸክማ ደጄ ካልመጣች አልታረቃትም ብዬ ከማልኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሰው ይስቅብኛል። «ዛሬ ማን ድንጋይ ይሸከማል፣ እንጉዳይ? በስልክ ይቅርታ ላከችልሽ አይደል፣ ተቀበያትና ተገላገይ» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ልካልኝ ነበር። አበባ የሚረግፍበት፣ ከኋላው ክራር የሚመታበት ይቅርታ። አጠፋሁት። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ያደግሁት ግን ሞጣ ነው። በሬያችን የጎረቤት እህል ባበላሸ ጊዜ አባቴ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ «ስለ እግዚአብሔር» እያለ ደጃቸው ሲቆም አይቻለሁ። ይቅርታ ይከብዳል። ካልከበደ ለምን ይጠየቃል?

በደሏ እንዲህ ነው። ሁለታችንም ሥጋ ማብቀያው ውስጥ ጋን አጣቢዎች ነን። ጋን የምንለው ሥጋው የሚበቅልበትን ትልቁን ብረት ነው፤ ስሙን ያወጡት የድሮዎቹ አጣቢዎች ናቸው። አንድ የፋሲካ ሰሞን የበጉ ጋን ተበላሸ። ክዳኑን የከፈተችው አምሳለ ናት። የልጅነቷ በግ ሽታ ይኖረው እንደሆነ ላሽትተው ብላ ከፈተች፣ አየር ገባ፣ በጉ ጠቆረ። ተራው ግን የእኔ ነበርና ጥፋቱ በእኔ ስም ተጻፈ። ከጋን አወረዱኝና እስኪመልሱኝ ድረስ ወለል አጣቢ ሆንኩ። እሷ ባልዲዬን ይዤ ስሄድ ቆማ አየች፤ ዝም አለች። ክዳኑን በመክፈቷ አልተቀየምኳትም። እኔም ብሆን አሸት ነበር። የተቀየምኩት ዝምታዋን ነው።

ሥራችን ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። የዶሮው ጋን ብልቱን ለየብቻ ያበቅላል። ዶሮ የለም፤ ብልቱ ግን አሥራ ሁለት ነው፤ አሥራ አንድ ብናወጣ አገር ይጮኽብናል። ለበዓል ዋዜማ ሰው የበግ ድምፅ በስልኩ ከፍቶ በረንዳው ላይ ያስቀምጣል። ኮንዶሚኒየሙ ከላይ እስከ ታች «ባ» ሲል ያመሻል። ጠዋት ያጠፉታል። «ታረደ» ይላሉ ልጆቹ።

ነፍስ ያለው እንስሳ መንካት በተራ ነው። ወይ ሐኪም ያዝልሃል፣ ወይ መሥሪያ ቤትህ ይሸልምሃል። እኔ ቦራን ከወሰዱብን ወዲህ፣ የመጨረሻዋን ላማችንን ማለቴ ነው፣ ነፍስ ያለው ከብት በእጄ አልነካሁም። ልጅ ነበርኩ ያኔ።

ዘንድሮ ባሕሩ ዳር፣ ታጁራ ላይ የዓሣ ጋን ተተከለ። አዲሶቹን ሠራተኞች አጠባ የሚያስተምር ነባር ሰው ተፈለገና እኔና አምሳለ ተላክን። «መንገድ ላይ ትታረቃላችሁ» አለ አለቃችን ዘካርያስ፣ በራሱ ብልሃት እየተደሰተ። አልታረቅንም። ባቡሩ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡን፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አምሳለም ለመስኮቱ ነበር የምታወራው።

«ይቺ ሴትዮ ውሃ ትፈልግ ይሆን?»

«አትፈልግም» አልኩት ለመስኮቱ።

«ቆሎስ?»

«ቆሎዋን ራሷ ትብላው።»

ሥራውን እንደጀመርን ለሁለታችን ሽልማት መጣ፤ የግማሽ ቀን የጀልባ ጉዞ፣ ከንክኪ ጋር። ከሦስት ሰው በላይ በማይጫንበት ትንሽ ጀልባ፣ እኔ፣ አምሳለና አስጎብኚያችን መይራም። መይራም የአፋር ልጅ ናት፤ የሁለት ልጆች እናት፣ ቀጭን፣ አማርኛውን እየቆረጠች የምትናገር። አባቷም አያቷም ባሕር ላይ ነው የኖሩት። ጀልባው ምሰሶ ላይ ዓይን ተሰቅሏል። ዓይኑ ማን ምን ነካ፣ እንዴት ነካ የሚለውን ያያል፤ ለሌላው ነገር ግድ የለውም።

ወደቡ ላይ የሁሉንም ሰው ምግብ የሚቀበል ሣጥን አለ። መይራም ቦርሳዬን ከፍታ ከረጢቱን አወጣች።

«እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«በሶ ነው። ዛሬ ዓርብ አይደል? ጾሜን የምፈታበት ነው።»

«ምግብ ጀልባ ላይ አይወጣም። ከሰው እጅ ወደ እንስሳ አፍ ምንም አያልፍም። ሕግ ነው።»

«እንግዲያው እኔም አልወጣም» አልኩና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እንዲህ ነኝ፤ የተፈጠርኩበት ነው።

መይራም አየችኝ፣ ሣጥኑን አየች፣ ሳቀች። «እኔ የጾመኛ ምግብ አልቀማም። እናቴም በረመዳን እንዳንቺ ናት፤ ተምሯን በጉያዋ ይዛ ነው የምትዞረው። ደብቂው። እጅሽ ግን ወደ ቦርሳው አይግባ፣ እሺ?»

«እሺ።»

«ማይልኝ።»

«ቦራን! በቦራ እምላለሁ።»

«ቦራ ማን ነው?»

«ላማችን ናት። ሞታለች።»

«በላም የሚምል ሰው አይዋሽም» አለችና እጄን ይዛ አወጣችኝ።

ያ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን አልደብቅም፤ ያለዚያ የቀረውን መናገር አይቻልም። ውሃው እንደ ሻይ ይሞቃል። «እጃችሁን ክተቱ» አለች መይራም፤ «አትያዟቸው። ይያዟችሁ።» ከተትን። መጀመሪያ ኦክቶፐስ መጣች። አንድ ክንዷን አንጓዬ ላይ ጠመጠመች፤ ስትስበኝ አንድ ነገር ልታስታውስ እንደምትሞክር ሰው ናት።

«እየቀመሰችሽ ነው» አለች መይራም። «በእጇ ነው የምትቀምሰው።»

«ምን ምን እላለሁ?»

«ሳሙና።»

አምሳለ ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሳቃችን ተገጣጠመ፤ ደንግጬ አቋረጥኩት። ቀጥሎ ኤሊ መጣ፣ ጀርባው እንደ አሮጌ ቁርበት የተሰነጠቀ። ቀጥሎ ስሟን የረሳሁት ለስላሳ ነገር፣ እርጥብ ቅል የመሰለች። አምሳለ እያንዳንዱን «እኔን!» እያለች ታሻለች፤ ክርስትና እናት የሆነች ነው የሚመስለው።

ከዚያ ሳጋ መጣች።

«ሳጋ በኛ ቋንቋ ላም ማለት ነው» አለች መይራም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የባሕር ላም። ሁለት ነበሩ፤ ወንዱ አምና ሞተ። አርጅታለች። የባሕር ሣር ብቻ ነው የምትበላው። ቀስ በሉ።»

ግራጫ ናት፣ ሰፊ፣ ሆደ ቦርቃቃ። ከጀልባው ጎን ብቅ አለችና አፍንጫዋን ከፍታ «ፉ» አለች። ያቺ እስትንፋስ! ቦራ ማታ ከግጦሽ ገብታ፣ ጥጃዋን አሽትታ፣ ከዚያ ለእኔ የምትተነፍሰው እስትንፋስ ናት። ነጠላዬን አጣፋሁና ጎንበስ አልኩ። ከጉሮሮዋ ሥር ከብት የሚወደውን ቦታ አከክሁላት። ዓይኗን ጨፈነች። «እሰይ የኔ እመቤት፣ እሰይ የኔ ቦራ» እላለሁ፤ እንባዬ ይወርዳል።

ከዚያ ከንፈሯን መዳፌ ላይ አሳረፈች። ፈለገች። እዚያ ላይ የሠራሁት ነገር የእኛ አገር ሰው ካልሆነ ማንም አይሠራውም። እጅሽን የላሰ ከብት ባዶ እጅ ማግኘት የለበትም፤ አባቴ ለዚህ ሲል ጨው ከኪሱ አይለየውም ነበር። እጄ ራሱ ሄደ። ከነጠላዬ ሥር ቦርሳውን ከፈትኩ፣ በሶውን በባሕሩ ውሃ ጨበጥ ጨበጥ አደረግሁና አጎረስኳት። ዋጠች። አንድ ጉርሻ ያጣላል። ደገምኳት። ሦስተኛውን ራሷ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ እኔና እሷ ነበርን እንጂ ሕግም፣ ጀልባም፣ መሐላም አልነበረም። ከረጢቱ ባዶ ሆነ።

የምሰሶው ዓይን ያየው ነጠላዬን ብቻ ነው። መይራም ጀርባዋን ሰጥታ ሞተሩን ታስተካክል ነበር። ቀና ስል ግን አምሳለ ታየኛለች። ሁሉንም አይታለች። ፊቷን ወደ ባሕሩ መለሰች።

ስንወርድ ጀልባው በሚያምር ድምፅ ጠየቀኝ፤ «አስጎብኚዎን ከአምስት ስንት ይሰጧታል?» «አምስት» አልኩ። ጾሜን በውሃ ፈታሁ።

እሑድ ጠዋት ጋኑ ውስጥ ገብቼ ለአዲሶቹ ሠራተኞች ማዕዘን አጠባ ሳሳይ፣ አንዱ ከላይ ጎንበስ ብሎ «ሳጋ ተንሳፈፈች» አለ። የአገሩ ልጆች ብሩሻቸውን ጥለው ሮጡ። እኔም ወጣሁ። በጎኗ ተኝታ ውሃው ያንገላታታል። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። መጥለቅ ትፈልጋለች፤ ሆዷ አያሰምጣትም። ነፋት ነው። ዱቄት ሰርቃ የበላች ላም እንደምትነፋ በሞጣ ሕፃንም ያውቃል። አባቴ እንዲህ የሆነችን ላም እስኪነጋ ሲያሯሩጥ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ጀልባው ላይ ግን እውቀቱ ከእኔ ጋር አልነበረም። ደስታ ይዞት ሄዶ ነበር።

በማግስቱ ሞተች።

መርማሪው ወደ ማደሪያችን በስልክ መጣ። ድምፁ የአገር ሽማግሌ ድምፅ ነው፤ የማንም አገር ሽማግሌ ድምፅ ግን አይደለም። «ደህና አረፈዱ፣ ወይዘሮ እንጉዳይ። ሐዘንዎን እንካፈላለን። በጉዞው ላይ ለእንስሳዋ ምግብ ሲሰጥ አይተዋል?»

«አላየሁም።»

«እናመሰግናለን። ውሃ መጠጣት አይርሱ።»

የማደሪያው ግድግዳ ስስ ነው። አምሳለን ሲጠይቃት ሰማሁ። «እኔ ያየሁት ነገር የለም» አለች፣ ሳትንተባተብ። «እንጉዳይ እንስሳዋን ስታሻት ነበር። ሌላ ምንም።»

ማታ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለመስኮቱ አላወራችም፤ ለእኔ ነው።

«እንጉ» አለች። «ተካካስን።»

እውነቱን ልናገር፤ ጣፈጠኝ። ዘጠኝ ዓመት ያቃጠለኝ ዝምታ ዞሮ ለእኔ ሲሆን ጣፈጠኝ። ተሸፋፍኜ ተኛሁ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ።

ፍርዱ ረቡዕ ወጣ። በእንስሳዋ ሆድ ውስጥ የገብስ ዱቄት ተገኝቷል፤ ምግብ ወደ ጀልባው መግባቱ የአስጎብኚዋ ጥፋት ነው፤ መይራም ዕድሜ ልኳን ከባሕር ታግዳለች። ይኸው ነው፤ ከዚህ የረዘመ አልነበረም።

ከባሕር መታገድ ምን እንደሆነ በማግስቱ ሄጄ አየሁት። የመይራም ቤት ከውሃው ዳር ነው፤ ስለዚህ ከቤቷም ታግዳለች። እጇ ላይ አንባር የመሰለ ነገር አስረውላታል። ወደ በሯ በተጠጋች ቁጥር ይጮኻል፣ እንደ ሕፃን። ራቅ ብላ መንገዱ ላይ ቆማለች፤ ልጆቿ ከቤት ድስቱን፣ ምንጣፉን፣ ትራሱን እያወጡ ያመጡላታል። እቃው ኮረብታው ላይ ወዳለው የእናቷ ቤት ይሄዳል። አንዷ ልጅ የቁርስ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ እናቷን ጠርታ፣ ከዚያ ትዝ ሲላት ራሷ ሮጠች።

መይራም አየችኝና ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«እናቴ፣ ልትሰናበቺኝ መጣሽ?»

«ለመርማሪው» አልኳት፣ «ስለ በሶው ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም። መፈተሽ ረሳሁ አልኩ።»

«ለምን?»

«አንቺ ጾመኛ ነሽ፤ ለምን ትያዢ? ያጎረሳት ሌላ ቀን፣ በሌላ ጀልባ የመጣ ሰው ይሆናል።» አንባሯን ዞር አደረገች። «አንቺማ አይደለሽም። አንቺ በላምሽ ምለሻል።»

አፌን ከፍቼ ነበር፤ እውነቱ አልወጣም። «እግዜር ያጥናሽ» አልኩ፣ ሰው ለሞተበት እንደሚባለው፣ ሄድኩም።

ማደሪያ ገብቼ በሩን ዘጋሁና መርማሪውን ጠራሁት። «የሰጠሁትን ቃል ልመልስ» አልኩት። «ያጎረስኳት እኔ ነኝ።»

«ስለ ቅንነትዎ እናመሰግናለን፣ ወይዘሮ እንጉዳይ። ጉዳዩ ተዘግቷል። የሚከፈተው የታገደችው ሰው ራሷ ስትጠይቅና በጀልባው ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሲመሰክሩ ነው። ቃሉን የለወጠ ሰው ከንክኪና ከጋን ሥራ እንደሚታገድ ያስታውሱ። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

«የለም።»

«ከአምስት ስንት ይሰጡኛል?»

ዘጋሁት።

ባቡራችን ዓርብ ጠዋት ነበር። አምሳለ የሁለታችንንም ሻንጣ አስራ በር ላይ ደርድራለች። እኔ ነጠላዬን እጥፍጥፍ አድርጌ ማጅራቴ ላይ አስተካክላለሁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«አልሄድም።»

«የት ነው የማትሄጂው?»

«ባቡሩ ላይ። መይራም ደጅ ነው የምሄደው። ይቅር ካለችኝ ጉዳዩን ታስከፍታለች። ካላለችኝ እዚያው እቆማለሁ።»

አምሳለ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። «አበድሽ? እኔ ላንቺ ብዬ የሐሰት ቃል ሰጥቼ!»

«አልለመንኩሽም።»

«ያኔ ዝም ብል ዘጠኝ ዓመት ዘጋሽኝ። አሁን ዝም ብል ደግሞ ይኸው ዓይንሽ አፈጠጠብኝ። ምን ላድርግሽ፣ እንጉ? ምን ብሆንልሽ ይሻላል?»

እውነት አላት። የዝምታ ነገር ከየትም ቢመጣ ከሌላ ሰው ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ያኔ ከእኔ ላይ አረፈ፣ አሁን ከመይራም ላይ። ይህን በልቤ አልኩት እንጂ አልነገርኳትም። ሁለት ምስክር እንደሚያስፈልግም አልነገርኳትም። ልለምናት አልፈለግሁም፤ ግትር ነኝ።

ባሕሩ ዳር ወረድኩ። ድንጋዩ ሁሉ ነጭ ነው፣ ድሮ ነፍስ የነበረው የባሕር ድንጋይ፣ እንደ ዳቦ የተቦረቦረ። ቀላል ይመስላል። አንዱን አቅፌ አነሳሁና ማጅራቴ ላይ ጫንኩት። አንገቴ ጎበጠ። አባቴ ምን ያይ እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ እግርህን ብቻ ነው የምታየው።

በመንደሩ መሐል አለፍኩ። ሠራተኞቼ፣ እነዚያ ማዕዘን አጠባ ያስተማርኳቸው፣ ቆመው አዩኝ። አንዱ ስልኩን አነሳ፣ ሌላው እጁን ያዘው። ኮረብታውን ስጀምር ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ።

«እንጉ!» እያለከለከች ናት። «ባቡሩ እኮ ሊሄድ ነው።»

«ይሂድ።»

«መርማሪው ምን አለሽ? ንገሪኝ።»

«ሁለት ምስክር ያስፈልጋል አለ።»

ኮቴዋ ቆመ። ከዚያ ደግሞ መጣ፣ ቀረበኝ። እጇ ድንጋዩን ሲነካው ተሰማኝ። «ስጪኝ» አለች፤ «በአንድ በኩል ልያዝልሽ። ወገብሽ ይቆረጣል።»

«የራስሽን አንሺ» አልኳት።

መንገዴን ቀጠልኩ። ዞሬ አላየሁም፤ ቢያምረኝም አንገቴ አይዞርም። ድንጋይ ከመሬት ሲላቀቅ ግን ድምፁ ይታወቃል። ቀጥሎ «ኡፍ፣ እኔን!» የሚል የአምሳለ ድምፅ መጣ። ድንጋይ ተሸክማ ደጄ ካልመጣች ብዬ ነበር። ደጁ የእኔ አልሆነም እንጂ ተሸክማ መጣች።

የመይራም እናት ቤት በር ላይ ጎን ለጎን ቆምን። ባሕሩ ከኋላችን ነው፤ ከዚህ አንባሩ አይጮኽም። አንዷ ልጅ በበሩ ቀዳዳ አይታን ሮጣ ገባች። መይራም ወጣች፤ እግሯን ብቻ ነው የማየው፣ ባዶ እግሯን፣ ደፉ ላይ ቆሞ።

«እናቴ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ስለ እግዚአብሔር» አልኩ። «ቦራን ከድቻታለሁ። በሶው የእኔ ነበር።»

«እኔም አይቻለሁ» አለች አምሳለ ከጎኔ፣ ድንጋዩ ድምፅዋን ተጭኖት። «ዋሽቻለሁ።»

የመይራም እግር አልተንቀሳቀሰም። ከታች ባቡሩ ጮኸ፤ ሄደ። እኛ አልሄድንም።